ስለት የሌላት ባለስለት

ቤዚ አስማረ ድብ ባሕር የሄደችው ለማስተማር ልምምድ ነበር። ወር ሳይሞላት ግን የማኅበር ድግስ ተሸክማ ተገኘች። አገሬው እስከ ዛሬ ይህን እያነሣ ይስቃል። አሁን እሷም አብራ ትስቃለች፤ ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልታያትም።

ያደገችው ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። አባቷ አቶ አስማረ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ እናቷ ወይዘሮ ይመኙሽ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሁለቱም ደክመው የሚገቡ፣ ጎረቤት ሲጠራቸው «ሥራ ላይ ነን» ብለው የሚቀሩ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ልጃቸውም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን ዘግታ ታነባለች። ሰፈሩ በመልክ እንጂ በድምፅ አያውቃትም። አንዲት ጎረቤት አንድ ቀን እናቷን፣ «ይመኙሽ፣ ይቺ ልጅ አፏን የፈታችው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«በዓመቷ።»

«ታዲያ መልሳ የቋጠረችው መቼ ነው?»

እንዲህም ሆና ቤዚ የምትመኘው መምህርነትን ነበር። ለአንድ ሰው ስታስረዳ ማር ናት። የክፍል ጓደኞቿ ፈተና ሲደርስ አንድ በአንድ እየመጡ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጧታል፤ ከእሷ ዘንድ ሳይገባው የተነሣ የለም። ሁለተኛ ሰው ከተጨመረ ግን ድምፅዋ ይቀንሳል፤ ሦስተኛ ከመጣ ዓይኗ መሬት ይፈልጋል። መምህራን ኮሌጅ ስትገባ ይህ በጊዜ ብዛት የሚለቅ መስሏት ነበር።

አልለቀቀም። የመጀመሪያው ልምምዷ አዘዞ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከኮሌጅ የመጣው ገምጋሚ፣ መምህር ፊልጶስ፣ ከኋላ ተቀምጧል። ቤዚ ጠመኔ አንሥታ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ እንደዞረች ቀረች። ትምህርቱን አንድም ሳታስቀር ተናገረችው፤ የተናገረችው ግን ለሰሌዳው ነው። ሊደወል ሲል ከመሀል አንድ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ሰሌዳው ገብቶታል፤ የቀረነው እኛ ነን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

መምህር ፊልጶስ ሰው የሚያስቀይም አልነበረም። ከግቢ ውጭ ሚኒባስ እየጠበቁ ሳለ ቀስ ብሎ ነገራት። «ዕውቀትሽ አያሳማሽም። ሁለተኛው ልምምድሽ ድብ ባሕር ነው። እዚያም ለሰሌዳ ካስተማርሽ ግን ሌላ ሙያ ብንፈልግልሽ ይሻላል። አንቺም አትጎጂ፣ ልጆቹም አይጎዱ።»

በመስከረም ማለቂያ እናቷ ብርድ ልብስ፣ አባቷ ባትሪ ይዘው አውቶቡስ ተራ ሸኟት። «እዚያ ማንንም አታውቂም» አሉ አቶ አስማረ ሐሳብ ገብቷቸው።

«እዚህስ ማንን አውቃለሁ፣ አባዬ?» አለች ቤዚ።

አቶ አስማረ ባትሪውን በእጇ አስጨበጧት። አውቶቡሱም የደባርቅን መንገድ ይዞ ወጣ።

*

ድብ ባሕር ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደረች ትንሽ ከተማ ናት። ከቤቶቹ ጀርባ ወዲያው ማሳ ይጀምራል፤ ገብሱ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነፋስ ያስተኛዋል፣ ያነሣዋል። ቤዚ የተከራየችው እትዬ እናኑ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ነው። እትዬ እናኑ በቁመታቸው አጭር፣ በሳቃቸው ረጅም ናቸው። የመጀመሪያው ቀን፣ «ቤዚ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ቤዛዊት ነው። ሲያጥር ቤዚ።»

«ምነው ያሳጠሩት? ስም ቢረዝም እኮ ማዳበሪያ አይበላ።»

እንድታስተምር የተሰጣት አምስተኛ ክፍል ነው። የአዘዞ ልጆች ቢያንስ ይስቁባት ነበር፤ የድብ ባሕር ልጆች አይስቁም፣ አይጠይቁም፣ አይረብሹም። ጋቢና ሹራባቸውን ደራርበው ዝም ብለው ያይዋታል። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ የትነበርሽ የምትባል ልጅ በተለይ ዓይኗን ከቤዚ ላይ ሳትነቅል ትውላለች፤ አንድም ቀን ግን ከአፏ ቃል አልወጣም። ቤዚ ይህን ዝምታ እየፈራች፣ እየፈራች ወደ ሰሌዳዋ ተመለሰች።

የጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ዕለት እትዬ እናኑ በሯን አንኳኩ። «ነጠላሽን ልበሽና ነይ። ማኅበር ነው። ሰው ቤት ውስጥ ተዘግቶ አይሻግትም።»

ማኅበሩ በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ቀን ከአባላቱ ቤት በተራ የሚደገስ የጽዋ ማኅበር ነው። ያን ዕለት ተረኛው የማኅበሩ አለቃ አያ ዳኛው ነበሩ፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ሳቃቸውን በጺማቸው ውስጥ የሚደብቁ ገበሬ። ቤዚ በልጅነቷ አያቷ ቤት ማኅበር አይታ ታውቃለች፤ የምታስታውሰው ግን ዳቦዋን ተቀብላ ወደ ውጭ መሮጧን ብቻ ነው። አሁን እንግዳ ናትና ከቄሱ አጠገብ አስቀመጧት። ዳቦ ሲቆረስ ለእሷ ቀደመ። ጠላ ሲቀዳ ለእሷ ቀደመ። እጅ መታጠቢያው ሳይቀር መጀመሪያ እሷ ዘንድ መጣ። «ኧረ ለእርሳቸው» ብትል፣ «እንግዳ ይቀድማል» ይሏታል።

በመጨረሻ ቄስ ሐብተ ማርያም ጸሎት አድርሰው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ከፍ አደረጉ። «የሚቀጥለው ተረኛ እናኑ ናት» አሉ። «የሚቀድም አለ?»

ማንም አልተነሣም። ቤዚ ግራ ቀኝ አየች። ሲያስቀድሟት የዋሉት እሷን ነው፤ አሁንም የሚጠብቁት እሷን መሆን አለበት። ጽዋው እንደ መስቀል የሚሳሙት ነገር መሰላት። ሰው አቁሞ ማስጠበቅ ነውር ነውና ተነሣች፣ በሁለት እጇ ጽዋውን ተቀበለች፣ ሳመችውም።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

ቄስ ሐብተ ማርያም ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ ስለት አለሽ?»

በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ቤዚ የምትናገረው ጠፋት። ከምላሾች ሁሉ አጭሩ ራስን መነቅነቅ ነው። በአዎንታ ነቀነቀች።

ወደ ቤት ሲመለሱ እትዬ እናኑ ክንዷን ይዘው፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ገብሴን ሳላጭድ ከድግስ አዳንሽኝ። ስለትሽ ከባድ መሆን አለበት፣ ተረኛ የቀደምሽ» አሉ።

«የምን ስለት፣ እትዬ?»

እትዬ እናኑ ቆሙ። ነገሩን ያስረዷት ያኔ ነው። በድብ ባሕር ማኅበር ድግሱ በተራ ነው፤ ስለት ያለበት ሰው ግን ከተረኛ ቀድሞ ጽዋውን መቀበል ይችላል። «የሚቀድም አለ?» የሚባለው ለዚሁ ነው። ጽዋ የተቀበለ አይመልስም። በኅዳር ኪዳነ ምሕረት ማኅበሩ የሚበላው፣ የሚጠጣው ቤዚ ዘንድ ነው።

ቤዚ የሆነውን ነገረቻቸው። እትዬ እናኑ መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ቀጥሎ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሰው ተስሎ ይከፍላል። አንቺ ከፍለሽ ልትሳይ ነው? በይ እንግዲህ ስለት ፈልጊ።»

ቤዚ ስለት ለመፈለግ ሩቅ አልሄደችም። በዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። «መምህር ከሆንኩ» አለች በቀስታ።

«ይኸውልሽ» አሉ እትዬ እናኑ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «ስለት አለሽ ማለት ነው።»

*

አቶ አስማረ በስልክ ሲሰሙ ደነገጡ። ጠላውንም ዳቦውንም ከጎንደር አሠርተው በሚኒባስ እንደሚልኩ ተናገሩ። እትዬ እናኑ ስልኩን ከቤዚ እጅ ወሰዱት። «የስለት ድግስ በግዢ አይሆንም፣ ጌታው። ባለስለቷ ከየማኅበርተኛው ቤት በኪዳነ ምሕረት ስም ትለምናለች፤ ከዚህ ብቅል፣ ከዚያ ጌሾ፣ ከዚያ ዱቄት። ደንቡ ነው።» ስልኩን መለሱና፣ «ሸጋ ሰው ነው አባትሽ» አሉ።

ለቤዚ ከዚህ የባሰ ቅጣት አልነበረም። ከማታውቀው ሰው ደጅ ቆሞ መለመን! የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ቆማ ለአጥሩ ተናገረች። የሰማት ውሻው ብቻ ነው፤ እሱም አልራራላትም። ሁለተኛው ቤት ሰዎቹ መንገድ የጠፋባት መስሏቸው ወደ አስፋልቱ ጠቆሟት። ሦስተኛው የአያ ዳኛው ቤት ነበር። እሳቸው በረታቸውን እየጠገኑ ነበር፤ ቤዚ ደግሞ ጎኗን ሰጥታ፣ ዓይኗን የአጥሩ ጭራሮ ላይ ተክላ አንድ ነገር አጉተመተመች።

«ከአጥሩ ጋር ነው ወይስ ከእኔ ጋር?» አሉ አያ ዳኛው።

«ከእርስዎ ጋር፣ አያ።»

«ብቅሉ ያለው እኔ ዘንድ ነው። አጥሩ ምን አለው ብለሽ ትለምኚዋለሽ?»

ቤዚ ዞረች። ሽማግሌው ምሳራቸውን አስቀምጠው ይጠብቋታል፤ ጺማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። «በኪዳነ ምሕረት ስም፣ ብቅል ይስጡኝ» አለች።

«አሁን ሰማሁ። ስለትሽ ለባል ነው ይባላል። እውነት ነው?»

«አይደለም» አለች፣ ፊቷ እየቀላ። «ለአስተማሪነት ነው። ኅዳር ላይ ከኮሌጅ ሰው መጥቶ ያየኛል። ካልሆነልኝ አላስተምርም።»

አያ ዳኛው ሳቃቸው ጠፋ። «የእኛ ጽዋ ስለት አስቀርቶ አያውቅም» አሉ። «ልጅ የሌላት ወልዳለች፣ የታመመ ድኗል። አንቺ ከቀረሽ ማኅበሩ ነው የሚያፍረው። ብቅሉን እሰጥሻለሁ። ቅዳሜ ደግሞ በደቦ ገብስ እናጭዳለን፤ መጥተሽ ነዶ ትሸከሚያለሽ።»

ሄደች። እጇ ተላጠ፣ ወገቧ ተቆረጠ፤ አጫጆቹ እየዘፈኑ ስሟን ከግጥማቸው ውስጥ ሲከቱት ግን ከነዶው ሥር ሆና ሳቀች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ዞረች። ከአስፋልቱ ርቀው፣ ከሸለቆ ማዶ ያሉ መንደሮች ድረስ በእግሯ ሄደች። የሚሰጧት አንድ ጭብጥ ነው፤ ያንን ለመስጠት ግን ያስቀምጧታል፣ ያጎርሷታል፣ ዘሯን ይጠይቋታል። «የቁስቋም ልጅ ነሽ? አጎቴ እዚያ ቆሎ ተማሪ ነበር።» በየቤቱ ደግሞ ከተማሪዎቿ አንዱ አለ። ክፍል ውስጥ ዝም የሚለው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ሰው ነው። አንዱ ለታመመች ላም መድኃኒት ይቀምማል፤ አንዷ የአባቷን ስልክ ፈትታ ትገጥማለች።

የየትነበርሽን ቤት ያገኘችው አመሻሽ ላይ ነው። ከመግባቷ በፊት ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ሰምታ በጭራሮው መካከል አየች። የትነበርሽ ታናናሾቿን በግድግዳው ሥር ደርድራ ትምህርት ቤት ትጫወታለች። በእጇ ከሰል ይዛለች። ፊቷን ወደ ጭቃው ግድግዳ፣ ጀርባዋን ወደ ልጆቹ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ቀብራ፣ «እምም እምም እምም፣ ገባችሁ? እምም እምም» ትላለች። ታናናሾቿ በሳቅ መሬት ላይ ይንከባለላሉ።

ቤዚ አጥሩ ሥር ቆማ ራሷን አየች። የሚያስለቅስ ነገር ነው ብላ ጠበቀች፤ እንባው ግን አልመጣም። አንገቷ፣ ትከሻዋ፣ ያ «እምም» ልክ እሷ ነበር፤ ሳቅዋ አመለጣት። በሩን ገፍታ ገባችና ከልጆቹ ረድፍ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ ኋላ አይሰማም» አለች።

የትነበርሽ ዞር ስትል ከሰሉ ከእጇ ወደቀ። ለመሸሽ ያሰበች ይመስል ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ቤዚ እየሳቀች መሆኑን አየች። ጥቂት አሰበች። ከሰሉን አነሣች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ፊቷንም ወደ ልጆቹ መለሰች። «ዝም በሉ!» አለች፤ ድምፅዋ እስከ ማዶ የሚደርስ ነበር። «አንቺም አዲሷ ተማሪ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ።»

ቤዚ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

*

የኅዳር ኪዳነ ምሕረት ደረሰ። ጾም ከገባ ሁለተኛው ቀን ስለሆነ ድግሱ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮና ጠላ ነው። ቤዚና እትዬ እናኑ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ጠላ ያጠልላሉ፤ ዳቦው ተጋግሯል። መምህር ፊልጶስ የሚመጣው በማግሥቱ እንደሆነ ተነግሯታል። ፀሐይ ስትወጣ ግን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ከጎንደር የሚመጣው ሰውዬሽ መጥቷል። ማኪና ቀንቶት ማልዶ ደርሷል።»

ቤዚ ያጠለቀችውን ቀሚስ እንኳ አልቀየረችም። ክንዷ ላይ ዱቄት፣ ሽሩባዋ ላይ የጌሾ ቅጠል እንደያዘች ሮጠች። ስትሮጥ የምታስበው፣ «አጨዳ ነው፤ ክፍሉ ባዶ ይሆናል» የሚለውን ነበር። የመኸር ሰሞን ግማሹ ልጅ ማሳ ነው የሚውለው።

ክፍሉ ግን ባዶ አልነበረም። አንድም ወንበር አልተረፈም። አያ ዳኛው ከሳምንት በፊት በየመንደሩ፣ «ሰውዬው እስኪመጣ ድረስ ልጁን ማሳ ያዋለ ከማኅበሩ ጋር ይጣላል» ብለው አስነግረው ኖሯል። ይባስ ብሎ ዘበኛው በየመንገዱ ሲያወራ ሰምተው ወላጆቹም መጥተዋል። በመስኮቶቹ ማጭድ የያዙ፣ ጋቢ የተከናነቡ፣ ሕፃን ያዘሉ ሰዎች አፍጠዋል። አያ ዳኛው መሀሉን መስኮት ይዘዋል። መምህር ፊልጶስ ከኋላ ተቀምጦ መስኮቶቹን በየተራ ያያል፤ የገባው አይመስልም።

ቤዚ ሰሌዳው ጋ ደረሰች። እጇ በራሱ ጊዜ ጠመኔውን አነሣ፤ ጀርባዋ በራሱ ጊዜ መዞር ጀመረ። ሰሌዳው ዘመዷ ነው፤ ሰሌዳ አይፈርድም። በስተቀኝ ግን የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ታያት። የትነበርሽ ከፊት ወንበር ላይ ቀስ ብላ እየዞረች ነው። ጀርባዋን ሙሉ ለሙሉ ለቤዚ ሰጠችና አንገቷን ወደ ትከሻዋ ቀበረች።

ቤዚ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ሳቅ ደግሞ ከሰሌዳ ጋር አይሳቅም። ዞረች። ብቅሉ ያለው በዚህ በኩል ነው።

«ደህና አደራችሁ» አለች። ከኋላ ያለው ሁሉ ሰማ።

«ደህና!» አለ ክፍሉ። መስኮቱም አብሮ መለሰ።

ትምህርቱ ስለ አየር ነበር። ገና ርዕሱን ሳትጽፍ ከመሀል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ጠላ ጠላ ትሸቻለሽ።»

መስኮቱ ጋ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። መምህር ፊልጶስ እስክሪብቶውን አነሣ።

«እሸታለሁ» አለች ቤዚ። «ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ጠላ ሳጠልል ነበር። ጠላ የተጠነሰሰበትን ጋን ስትከፍቱ ምን ታያላችሁ?»

«ይፈላል!»

«እሳት አለው?»

እሳት የለውም። ታዲያ ምን ያፈላዋል? አንዱ «ጌሾው ነው» አለ፤ ሌላው «ጌሾ ብቻውን በውኃ ቢዘፈዘፍ አይፈላም» ብሎ ተከራከረው። የላሟ መድኃኒተኛ አረፋው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀ። የትነበርሽ ተነሥታ፣ «እናቴ ጋኑን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ክዳኑ በሌሊት ተስፈንጥሯል። የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው፤ የማይታይ» አለች። ከመስኮቱ አንዲት ሴት፣ «እውነቷን ነው፣ ድመቷን ሊገድላት ትንሽ ነበር የቀረው» ብላ መሰከረች። ቤዚ ሳታውቀው ከሰሌዳው ርቃ በወንበሮቹ መካከል ትመላለሳለች። የማይታየው ገፊ ምን እንደሆነ፣ ከምንስ እንደሚወለድ አስረዳቻቸው። ወደ ሰሌዳው የተመለሰችው የተናገሩትን ለመጻፍ ነው፤ ጽፋም ዞረች።

ሲደወል መምህር ፊልጶስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ፊቱ ምንም አይነበብበትም። «ውጤቱን ጎንደር ስትመጪ» ብሎ ሊሄድ ሲል አያ ዳኛው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ወዴት ነው፣ ጌታው? ማኅበር ያለበት አገር መጥቶ ሳይቀምስ የሄደ እንግዳ የለም። ድግሱ ደግሞ የእሷ ነው።»

*

መምህር ፊልጶስ ከቄስ ሐብተ ማርያም አጠገብ ተቀመጠ። ዳቦ ለእሱ ቀደመ። ጠላ ለእሱ ቀደመ። «ኧረ ለእርሳቸው» ሲል፣ «እንግዳ ይቀድማል» አሉት። ቤዚ ከእንስራ እየቀዳች ስታሳልፍ፣ በዓይኗ እሱን ትከተላለች። ውጤቷን ከፊቱ ላይ መፈለጓ ነበር፤ አላገኘችም።

በመጨረሻ ጸሎት ተደረሰ። ቄስ ሐብተ ማርያም ጽዋውን ከፍ አደረጉ። «የሚቀጥለው ተረኛ እናኑ ናት። የሚቀድም አለ?»

ማንም አልተነሣም። መምህር ፊልጶስ ግራ ቀኝ አየ። ነጠላ የለበሰው ሁሉ ወደ እሱ ያያል። ኮቱን አስተካከለ። ሁለት እጁን ዘረጋና ብድግ ማለት ጀመረ።

አያ ዳኛው ጺማቸውን ያዙ። እትዬ እናኑ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የሚያስጠነቅቅ አልተገኘም።

«መምህር፣ ይቀመጡ!»

ድምፁ የቤዚ ነበር። ከእንስራው አጠገብ ቆማ ነው የተናገረችው፤ ከሁሉም ሰው ፊት፣ ከቄስ ፊት፣ ከገምጋሚዋ ፊት። መምህር ፊልጶስ እንደ ተማሪ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ሳቁ ሲበርድ አያ ዳኛው፣ «ምነው ከለከልሽው? ከጎንደር ሁለተኛ ደጋሽ ልናገኝ ነበር» አሉ ቅር ብሏቸው።

«ብቀበለው ምን እሆን ነበር?» አለ መምህር ፊልጶስ።

«በታኅሣሥ ብቅል ሲለምኑ ይገኙ ነበር» አለች ቤዚ። «እኔ እንዲህ ነው ስለት ያገኘሁት።»

ታሪኩን እሷው ተረከችው፤ አንዱን ሳታስቀር፣ የአጥሩንም፣ የ«እምም»ንም። ቤቱ የሚያውቀውን ታሪክ እንደ አዲስ ሰማው። እትዬ እናኑ ጽዋቸውን በወጉ ተቀበሉ።

መምህር ፊልጶስን አስፋልቱ ድረስ የሸኘችው እሷ ናት። ሚኒባስ ከሩቅ ሲታይ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዘዞ ላይ የሰማሽ ሰሌዳው ብቻ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ እኔን ከማኅበር መሀል አስቀመጥሽኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ማንም እንደዚህ አስቀምጦኝ አያውቅም።» ሚኒባሱ ቆመ። አንድ እግሩን አስገብቶ ዞረ። «አልፈሻል። ለነዚያ ለመስኮት ሰዎችም ንገሪያቸው፤ ማጭድ ይዘው ሲያፈጡብኝ ነው ያረፈዱት።»

ቤዚ ወደ ቤቱ ተመልሳ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። እልልታው እንደገና ተነሣ። አያ ዳኛው ግን አልደነቃቸውም። «ብያለሁ እኮ» አሉ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ። «የእኛ ጽዋ ስለት አያስቀርም።»

*

ዛሬ ቤዚ አስማረ ከድብ ባሕር ብዙም በማትርቅ አንዲት ከተማ መምህርት ናት። ማታ ማታ አሁንም በሯን ዘግታ ታነባለች፤ ብቻዋን መሆን መውደዷ አልተዋትም፣ እንዲተዋትም አልፈለገችም። በወር አንድ ቀን ግን ነጠላዋን ለብሳ ከሚኒባስ ወርዳ ወደ ማኅበሯ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ የእሷ ተራ ሲሆን ወላጆቿን ከጎንደር አምጥታቸው ነበር። አቶ አስማረ ሲመለሱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ማኅበር ስለመጠጣት ጠይቀዋል አሉ።

አምና የጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ለት አንድ አዲስ የልምምድ መምህር መጣ። ኢዮስያስ ይባላል፤ ከኮሌጅ የተላከ፣ ቀጭን፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ ልጅ። ከቄሱ አጠገብ አስቀመጡት። ዳቦውም ጠላውም ለእሱ ቀደመ። ከዚያም ጽዋው ከፍ አለ።

«የሚቀድም አለ?»

ኢዮስያስ ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቀስ እያለ መነሣት ጀመረ።

አያ ዳኛው ወደ ቤዚ አዩ። እትዬ እናኑም ወደ ቤዚ አዩ። ቤዚ ድምፅ አላጣችም፤ አሁን ከዚህ ቤት ሁሉ የሚሰማው የእሷ ነው። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ዝምም አለች።